የነፍስ አባት የሌለው ሰፈር

ቄስ ይሄይስ ሊፈቱት የተነሡት ችግር በአንድ አጭር ጥያቄ ይጠቃለላል፤ "የነፍስ አባቷ ማን ነው?"

በ1994 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ከገበያው ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ሰፈር አንዲት ሴት ሞተች። ሬሳዋን በፈረስ ጋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባለጋሪው፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ እንዲሁም ክፍሉን ያከራየቻት ጠላ ሻጯ አስካለ ማርያም። ዝናብ ስለነበር የተከፈነችበት ነጠላ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል። ቄስ ይሄይስ በዚያ ሳምንት ሰሞነኛ ነበሩ፤ ተራቸው ደርሶ ሳምንቱን ሙሉ ከደብሩ ሳይለዩ የሚያገለግሉ ካህን ማለት ነው። እንደ ደንቡ ጥያቄውን ጠየቁ። የመለሰ የለም። የክርስትና ስሟን ጠየቁ።

"ቀይዋ ነበር የምንላት" አለች አስካለ ማርያም፤ "ሌላ ስም አልነገረችን፤ እኛም አልጠየቅናት።"

ፍትሐት፣ ማለትም ለሟች የሚደርሰው ጸሎት፣ ሟቹን በክርስትና ስሙ እየጠራ ነው የሚለምንለት። ስሙ ከሌለ ጸሎቱ የሚይዘው ነገር የለውም። የነፍስ አባት ከሌለ ደግሞ ስሙን የሚያውቅ፣ "ልጄ ነው" ብሎ የሚመሰክር የለም። ሴትየዋ ከአጥሩ ጥግ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ተደግሞላት ተቀበረች። ባለጋሪው ፈረሱን እንኳ አልፈታም ነበር።

ቄስ ይሄይስ ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። የማንኩሳ ተወላጅ፣ ቅኔ የተማሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በቁም ጽሕፈታቸው የታወቁ ነበሩ፤ ፊደላቸው ተራ ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንኳ ብራና ላይ የተጻፈ ይመስላል። በዚያ ቀን ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው የነገሯት ነገር ቢኖር ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር ማንም እንዲህ እንዳይቀበር አደርጋለሁ የሚል ነበር።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ሥርዓቱን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል፤ ደግሞም ሲያዩት የሚያስደስት ሥርዓት ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር እያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባት አለው። እኚህ ካህን የቤቱ ልጆች ክርስትና ሲነሡ ስማቸውን ያውቃሉ፤ ያናዝዛሉ፤ በበዓል መጥተው ጸበል ይረጫሉ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃሉ፤ በመጨረሻም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው ይመሰክራሉ። ሲያረጁ ልጃቸው ካህን ከሆነ ቤቶቹን ይረከባቸዋል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ማሳው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ አንድ ካህንም የነፍስ ልጆቹን ወሰን ያውቃል። የሌላውን ወሰን ያለፈ ካህን ልጅ ነጠቀ ይባላል፤ በዚህ የተነሣ ዕድሜ ልካቸውን ያልተነጋገሩ ካህናት አሉ። ሰው አገር ሲለውጥም የቀድሞው የነፍስ አባት ባርከው ማሰናበት አለባቸው። እሳቸው እስኪያሰናብቱ ድረስ አዲሱ ካህን የዚያን ሰው ኑዛዜ መስማት አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ልብ ማለት ይገባል፤ ኋላ የደረሰው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው።

ሥርዓቱ የተሠራው ከተወለደበት ቀዬ ለማይርቅ ሰው ነው። ቆርቆሮ ሰፈር ደግሞ የተሠራው ከቀዬው በራቀ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ወደ ቤቱ መግባት ያፈረ ወታደር ከመንገዱ ዳር ሸራ ወጠረ። ለወታደሩ ጠላና አረቄ የሚሸጡ ሴቶች አጠገቡ ምድጃ ተከሉ። ሸራው በቆርቆሮ ተተካ፤ ቆርቆሮው በጭቃ ግድግዳ ተከፋፍሎ ክፍል ሆነ። ከመራዊና ከአዴት በቆሎ ለማውረድ የመጡ የቀን ሠራተኞች ገቡበት። ቀጥለው ገጠር ያሉ ልጃገረዶች መጡ፤ አንዳንዷ እንጀራ ፍለጋ፣ አንዳንዷ ደግሞ በልጅነቷ የተዳረችበትን ቤት ጥላ።

ሰፈሩ ከደብሩ አጥር ስምንት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሆኖም የደብሩ ሰባክያን በየዓመቱ ጾም ሲገባ በቅሎ ተከራይተው ወደ ሩቅ ገጠር ሲወጡ፣ ወደዚያ ሰፈር የሄደ አልነበረም። ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም። እዚያ ያለው ሁሉ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ ሰባኪ የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም። የተጠመቀ ሰው ከሥርዓቱ ውጭ ሊወድቅ እንደሚችል፣ ለዚያውም ከደወሉ ድምፅ ሳይርቅ፣ ያሰበበት ሰው አልነበረም። ቄስ ይሄይስ አሰቡበት።

ያወጡት ዘዴ ግሩም ነበር። አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተው በቀይ ቀለም አሰመሩት። በመጀመሪያው መስመር የሰውየው መጠሪያ፣ በሁለተኛው የክርስትና ስሙ፣ በሦስተኛው የተወለደበት ደብር፣ በአራተኛው እዚያ ያሉት የነፍስ አባቱ፣ በአምስተኛው አሁን የሚኖርበት ቤት። ከዚያ ለእያንዳንዱ የነፍስ አባት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ልጅዎ እዚህ አለ፣ ይባርኩና ያሰናብቱልኝ ብለው። ደብዳቤው በገበያ ቀን ወደዚያ አገር በሚመለስ ገበያተኛ እጅ ይሄዳል። መልሱ በመጪው ወይም በሚቀጥለው ገበያ ይመጣል። መልሱ ሲመጣ ሰውየው የሳቸው ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞት ስሙን የሚጠራለት አለው። የደብሩ አለቃም ሰሙና ፈቀዱ፤ "ብቻ ልጅ እንዳትነጥቅ" አሉ፤ "እያንዳንዱን በደብዳቤ፣ በሥርዓቱ።"

መጀመሪያ የቆሙት አስካለ ማርያም ደጃፍ ነው። አርባዎቹን የተሻገረች፣ ስድስት ክፍል የምታከራይ፣ ከሰፈሩ ሰው የማን ጫማ የት እንደሚያድር የምታውቅ ሴት ናት። ቄስ ሲገባባት ጠጪዎቿ ጣሳቸውን ከአግዳሚው ሥር መደበቃቸውን አይታ ሳቀች።

"አባ፣ ቀድመው ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር" አለች። "እርስዎ ነፍስ ሲቆጥሩ የኔ ጠላ ሆምጥጦ ማደሩ ነው።"

"ያንቺንም እቆጥራለሁ፤ ማን ነበሩ የነፍስ አባትሽ?"

"የኔማ ሞተዋል። ኃጢአቴን ሰምተው ሳይጨርሱ ነው የሞቱት።"

የሞተ የነፍስ አባት ማሰናበት አይጠበቅበትም። ስለዚህ አስካለ ማርያም የመጀመሪያዋ ልጃቸው ሆነች፤ ከዚያ በኋላ በየክፍሉ እየመራች የምታስገባቸው እሷ ነበረች። እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ስድሳ ሦስት ሰዎች ደብተሩ ላይ ሰፈሩ። ከተላኩት ደብዳቤዎች ለአርባ አንዱ መልስ መጣ። አንዳንዱ መልስ ከማር ጋር ነበር የመጣው። አንድ የቀድሞ ወታደር ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የነፍስ አባቱ በሕይወት እንዳሉ በደብዳቤው ሰምቶ፣ ወረቀቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አድርጎ ሳምንት ሙሉ ሲዞር ታየ። ዘዴው ይሠራ ነበር። ይህ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ባይሠራ ኖሮ ቄስ ይሄይስ ይጠነቀቁ ነበር።

ደጊቱ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አስካለ ማርያም ቤት ውሃ ትቀዳለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ጋን ታጥባለች። ቄሱ ደብተሩን ይዘው ሦስት ጊዜ ሲመጡ ሦስቱንም ጊዜ ሥራ አለብኝ ብላ ወጥታለች። በጥቅምት ወባ ያዛት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ጋብ ሲልላት አስካለ ማርያምን ቄሱን ጥሪልኝ አለቻት። ቀይዋ የሞተችበት ክፍል ውስጥ ነበር የተኛችው።

ብሞት እንደሷ ነው የምቀበረው ወይ ስትል ጠየቀቻቸው። ቄስ ይሄይስ አይደለም፣ ስምሽንና የነፍስ አባትሽን ከነገርሽኝ እንደሷ አትቀበሪም አሏት። የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና እንደሆነ፣ ደብሯ ከማንኩሳ በላይ ያለ አንድ የሚካኤል ደብር እንደሆነ፣ የነፍስ አባቷም ቄስ እጅጉ እንደሚባሉ ነገረቻቸው። ሌላም የምትናዘዘው ነገር እንዳላት ጨመረች።

እዚህ ላይ ደንቡ መጣ። ቄስ ይሄይስ አቋረጧት። ገና አልተሰናበትሽም፣ ኑዛዜሽን አሁን ብሰማ ልጅ መንጠቅ ይሆንብኛል፤ መልሱ ይምጣ፣ ያኔ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ ብለው አረጋጓት።

"አባቴ" አለች ደጊቱ፣ "የኛ አገር ሰው ጆሮው ሰፊ ነው።"

ቄሱ ፈገግ አሉ። "የምሥራች ለመስማት ነዋ፣ ልጄ።"

ሳይሰሟት የቀረው ኑዛዜ ይህ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተድራለች። ባሏ ከሷ በሃያ ዓመት ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ለውሃ እንደወጣች እንስራውን ምንጩ ዳር አስቀምጣ ጠፍታለች። ወላጆቿ የት እንዳለች አያውቁም፤ እንዲያውቁም አትፈልግም፤ ካወቁ ለአማቶቿ ይነግራሉና። ይህን የሰማ ካህን ደብዳቤውን አይጽፍም ነበር። ግን ደብዳቤው ካልተጻፈ መስማት አይቻልም።

ቄስ ይሄይስ በዚያው ሳምንት ጻፉ። ደብዳቤዎቻቸው ሁሉ በአንድ መልክ የተቀረጹ ስለነበሩ ይህኛውም ከሌሎቹ አይለይም። "ልጅዎ ወለተ ሐና፣ መጠሪያዋ ደጊቱ፣ በሕይወት አለች። በቆርቆሮ ሰፈር በወይዘሮ አስካለ ማርያም ቤት ትኖራለች። ይባርኳትና ያሰናብቱልኝ። ለመላው ምእመናንም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የወግ ነች። ጨዋ ካህን ለካህን ሲጽፍ ምእመናኑን ሳያነሣ አይፈርምም፤ ቄስ ይሄይስ ስድሳውንም ደብዳቤ የቋጩት በሷ ነበር።

ነገር ግን ሰላምታ ለምእመናን ከተላከ ለምእመናን መነበብ አለበት። ገጠር ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም። ቅጽሩ ውስጥ ተቀምጦ ጠበሉን ይቀምሳል፣ ወሬውን ይለዋወጣል፤ ለደብሩ የመጣ ደብዳቤ ካለም ያኔ ነው ጮክ ተብሎ የሚነበበው። ቄስ እጅጉ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ያቺን ልጅ ሞታለች ብለው ሁለት ዓመት ሲጸልዩላት የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤው ሲደርሳቸው አለቀሱ። በኅዳር ሁለተኛው እሑድ ከዋርካው ሥር ቆመው ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የሰፈሩን ስም፣ የቤቱን ባለቤት ስም ሳይቀር። የደጊቱ አማት ከፊት ከተቀመጡት መካከል ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አራት ሰዎች ቆርቆሮ ሰፈር ደረሱ፤ አማቷ፣ ባሏ፣ አጎቷና ቄስ እጅጉ። ደጊቱ ቦኖ ውሃው ጋ ወረፋ ይዛ ነበር። አሮጌው ቄስ እጃቸውን ዘርግተው "ወለተ ሐና፣ ልጄ" ብለው ሲጠሯት ወረፋው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ሊያሰናብቷት እንደመጡ ነበር የሚያስቡት። የሰዎቹን ፊት እዚያው ቦኖው ላይ ሲያዩ ነው የገባቸው፤ ያኔ ደግሞ ባሏ ክንዷን ይዟል።

አስካለ ማርያም ሮጣ ቄስ ይሄይስን ጠራቻቸው። እየሮጡ መጡ። ልጅቷ መናገር አለባት፣ ወደ ቀበሌ እንሂድ ብለው ለመኑ። አማትየው በትሕትና መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ ምራታችንን ስላገኙልን እግዚአብሔር ይስጥልን አላቸው። እያሾፈ አልነበረም።

ደጊቱ አልጮኸችም። ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር እንድትል ነበር፣ እርግማን ወይም ልመና። ጀሪካኗን አስቀምጣ ቄሱን አየቻቸው።

"አባቴ፣ ስሜን አሳምረው ነው የጻፉት" አለች።

ከዚያ ወሰዷት።

ቆርቆሮ ሰፈር ለመዘጋት ሳምንት አልፈጀበትም። ከገጠር የሸሹት ሴቶች ቁጥር ቄሱ ከገመቱት በላይ እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው፤ አሥራ አንድ ክፍሎች በሦስት ቀን ባዶ ቀሩ። አብዛኞቹ ወደ ቡሬ ሄዱ ተባለ። የቀሩት ቄሱ ሲመጡ በር ይዘጋሉ። ያ ደብዳቤውን ኪሱ ይዞ ሲዞር የነበረው ወታደር ብቻ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ ለእኔ የጻፉልኝን ግን ጥሩ አድርገዋል አላቸው።

በታኅሣሥ ወደ ደጊቱ ደብር በእግር ሄዱ። የአማቷ ቤት እንደ እንግዳ አክብሮ ተቀበላቸው፤ ጠላ ቀረበ፣ እግራቸው ታጠበ፣ ልጅቷ ግን ታማለች ተብላ አልወጣችም። ሲመለሱ ቄስ እጅጉ እስከ ወንዙ ሸኟቸው። ሽማግሌው ሲሰናበቱ፣ "አንተ ጻፍክ፣ እኔ አነበብኩ፤ ከሁለታችን ማንኛችን እንናዘዝ?" ብለው ጠየቁ። ቄስ ይሄይስ ወንዙ ማዶ ሲደርሱ ዞረው ቢያዩ አሮጌው ቄስ እዚያው ቆመዋል።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት፣ ደጊቱ ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ወደ ቡሬ ሲወስዷት መንገድ ላይ ሞተች። ወደ ደብሯ መለሷት። የነፍስ አባቷ ቆመው መሰከሩ፤ ሰባት ካህናት ፍትሐት አደረሱላት፤ ወለተ ሐና የሚለው ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጠራ። ቄስ ይሄይስ ለቀይዋ ሊያገኙላት የሚመኙት ቀብር ይህ ነበር። ደብተራቸው ላይ ከሰፈሩት የሸሹ ሴቶች ይህን ቀብር ያገኘችው ደጊቱ ብቻ ናት።

ቄስ ይሄይስ ለአለቃው ማመልከቻ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ከገጠር ተሰዶ የመጣ ሰው ከመሰናበቱ በፊት ኑዛዜው ይሰማ፤ መጻፍ የሚገባውና የማይገባው በዚያ ይለያል። አለቃው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስለ ልጅቷ ሲሰሙ አዝነው ነበር። ሆኖም አንድ ደብር ብቻውን ይህን ቢያደርግ በዙሪያው ያሉት ካህናት ሁሉ ልጆቻችን ተነጠቁ ብለው ይነሣሉ አሉ። ሥርዓት ለአንድ ሰፈር አይለወጥም ብለው ወረቀቱን መለሱላቸው። ቄሱ በሚቀጥለው ዓመትም አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ማቅረቡን ተዉ፤ ደብተሩንም አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ እጃቸው ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም፤ ቁም ጽሕፈታቸውን ፈልጎ የሚመጣ ቢኖር ወደ ሌላ ይመሩታል።

ሰባት ዓመት ወደ ሰፈሩ አልገቡም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰፈሩ የመጡ ሬሳዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ይጠየቃል፣ መልስ አይገኝም፣ ከአጥሩ ጥግ ይቀበራሉ። አንዳንዴ የጠየቁት ራሳቸው ነበሩ።

በ2002 ዓ.ም. ተመለሱ። መንገዱ ኮብልስቶን ለብሷል፣ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ ክፍሎቹ ግን ያው ናቸው። አስካለ ማርያም አርጅታለች። ደጃፏ ላይ ያለውን በርጩማ አሳየቻቸው፤ ተቀመጡ። ደብተር አልያዙም፣ እስክሪብቶም የላቸውም። ይህኛው ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ የክርስትና ስም ብቻ ይጠይቃሉ፣ አገርም ደብርም አይጠይቁም፣ የሰሙትን በቃላቸው ይይዛሉ። አንዷ ሞታ ጥያቄው ሲነሣ "የነፍስ አባቷ እኔ ነኝ" ይላሉ። ያልተሰናበተችን ልጅ ልጄ ማለት እንደ ደንቡ ውሸት ነው። ሊዋሹ ወስነዋል።

በመጀመሪያው ወር አንዲት ውሃ ቀጂ ስሟን ነገረቻቸው፤ ወለተ ሐና። ደነገጡ፤ ግን ስሙ ብዙ ሴት የምትጠራበት ነው። ሁለተኛዋ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሷም ወለተ ሐና አለች። ሦስተኛዋ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ደጊቱ ስትወሰድ ምናልባት ሰባት ዓመት የሞላት። ወለተ ሐና ነኝ ስትል ዓይኗን አልሰበረችም።

ወደ አስካለ ማርያም ዞሩ።

"እየቀለዱብኝ ነው?"

"ቀልድ አይደለም፣ አባ" አለች። "የተከራይ ደንብ ነው። አዲስ ልጅ ስትገባ ትነገራለች። ቆሻሻ የት እንደሚደፋ፣ ቦኖው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቄስ ስም ሲጠይቅ ምን እንደሚባል።"

"አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው?"

"ቁልፉን የምሰጥ እኔ አይደለሁ?"

በርጩማውን ግን ከሥራቸው አልወሰደችባቸውም።

አሁን 2007 ዓ.ም. ነው። ቄስ ይሄይስ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አስካለ ማርያም ደጃፍ ይቀመጣሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሰባት ሴቶች ስማቸውን ነግረዋቸዋል፤ አሥራ ሰባቱም ወለተ ሐና ናቸው። ስለዚህ ከስም ሌላ መለያ ማግኘት ነበረባቸው፤ ይህንንም በለመዱት ጥንቃቄ ነው የያዙት። አንዷ ግራኝ ናት። አንዷ ጀሪካኗ ክዳን የለውም፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ትወትፈዋለች። አንዷ ስትስቅ አፏን በክርኗ ትሸፍናለች። አንዷ ሁልጊዜ አረንጓዴ የፕላስቲክ ጫማ ታደርጋለች። ቅዳሴ ላይ ስም በሚታሰብበት ቦታ ወለተ ሐና የሚለውን አሥራ ሰባት ጊዜ ይጠራሉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንዷን መለያ ያስባሉ። አሥራ ስምንተኛው ደጊቱ ናት። ዲያቆናቱ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። አለቃው ግን አንድ ቀን ለብቻቸው ጠርተው፣ በሌላ ሰው ስም የተጸለየ ጸሎት ለማን እንደሚደርስ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል። አላውቅም አሉ። እስካሁንም አያውቁም።

በየካቲት ባለ አረንጓዴ ጫማዋ መታየት ተወች። ሦስት ሳምንት ከጠበቁ በኋላ አስካለ ማርያምን ጠየቁ። ሞታለች፤ ጓደኞቿ ሬሳዋን በሚኒባስ ወደ ቡሬ ወስደው እዚያ እንደምንም አስቀበሯት። ለምን እኔን አልጠሩኝም አሉ። አስካለ ማርያም ጣሳውን ማለቅለቋን ቀጠለች። ቡሬም ቢሆን ያው ጥያቄ ተጠይቆ ይሆናል፤ "የነፍስ አባቷ እኔ ነኝ" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

ባለፈው ዓርብ አዲስ ልጅ ገባች። ቦርሳ የላትም፤ ልብሷ በፌስታል ነው። ቁልፏን ተቀብላ ስታልፍ ቄሱን አየች፤ ምንም ሳይጠይቋት ቆመች።

"ወለተ ሐና ነኝ" አለች።

"እሺ፣ ልጄ" አሏት።

ገብታ በሩን ዘጋች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀሪካን ይዛ ወደ ቦኖው ወጣች። ጀሪካኑ ቢጫ ነው፣ እንደ ሌሎቹ። ነጠላዋ የተለየ ጥለት የለውም። አረማመዷም የማንም ሰው አረማመድ ነው። ቄስ ይሄይስ በርጩማቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ከቦኖው እስክትመለስ፣ ከሌሎቹ የምትለይበትን አንድ ነገር ይፈልጋሉ። እስካሁን አላገኙም።